ሰማታር ያመጣው ቃል

ገብረወልድ የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ በጫማው እየዛቀ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሲሻገር የምድር ባቡር ካኪውን እንኳ አላወለቀም ነበር። የኮንትሮለር ቆቡን በብብቱ ሸጉጧል፤ ትከሻው ላይ የጣለው የሚስቱን የበለጠችን ነጠላ ነው፤ የራሱን ለመፈለግ ፋታ አላገኘም። ከቢዮ አዋሌ ማገዶ ጭነው ወደ ቀፊራ ገበያ የሚወርዱ ሴቶች «አሻማ!» ብለው ሰላም ቢሉት መልስ ሳይሰጥ አለፋቸው። ድሬዳዋ ውስጥ ሰላምታ የሚያሳልፍ ሰው ወይ ታሟል ወይ አገሩን አያውቅም። ሴቶቹ ዞር ብለው አዩትና «ምን አግኝቶት ነው?» ተባባሉ።

ያገኘው ነገር ሞት ነው። ኅዳር ወር፣ ዘመኑም አርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፤ ያን ጠዋት ከጅቡቲ ከመጣው ባቡር ወርዶ ከለገሃር በር እንደወጣ ሰማታርን አገኘው። ሰማታር በድሬዳዋና በሐረር መካከል የጭነት መኪና የሚነዳ፣ አማርኛን ከሾፌሮችና ከኬላ ጠባቂዎች የተማረ፣ ደግ ሰው ነው። ከመኪናው መስኮት አንገቱን አውጥቶ ተጣራ።

«ገብሬ! አቦ ገብሬ! ያንተ ሳሂብ እኮ ዐረፈ!»

«የቱ ወዳጄ?»

«አብዱሰመድ ነዋ! ስንት ሳሂብ አለህ? ትናንት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ዐረፈ። አልሐምዱሊላህ! ወላሂ፣ ብዙ ደክሞ ነበር እኮ። ዓይኑ ቀልቶ፣ ወገቡ ጎብጦ… አሁን ዐረፈ። ጎረቤቱ ሁሉ ዛሬ እሱ ቤት ነው። አንተ ብቻ ትቀራለህ? ዓይብ ነው፣ ሂድ!»

ይህን ብሎ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ። ፊቱ ላይ ሐዘን አልነበረም። ገብረወልድ ይህን የእምነት ጽናት አድርጎ ወሰደው። እሱ ራሱ ግን ፈቃድ ሊጠይቅ ወደ ጣቢያው ተመልሶ ገባ።

የጣቢያው ሹም፣ ሠራተኛው ሁሉ ሙሴ የሚለው ሽበታም ፈረንሣዊ፣ የፈቃድ ወረቀቱን አውጥቶ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቀው።

«ማን ሞተ?»

«ወንድሜ ነው፣ ሙሴ።»

«ስም?»

«አብዱሰመድ።»

ሙሴ ብዕሩን አነሣና ከመነጽሩ በላይ አየው። «ገብረወልድ፣ የአባት ልጅ?»

«አይደለም፣ ሙሴ።»

«የእናት ልጅ?»

«አይደለም።»

«ታዲያ የማን?»

«የድሬዳዋ» አለ ገብረወልድ።

ሙሴ ብዕሩን ወደ ወረቀቱ መለሰ። ሦስት ቀን ብሎ ጻፈና ማኅተሙን መታበት።

በለጠችም ቤት ውስጥ ነገሩን ስትሰማ ደረቷን መታች፤ አልቅሳ አልቅሳ ስታበቃ ግን ነጠላዋን ከትከሻዋ አንሥታ ለባሏ ሰጠችው። «እነሱ ዘንድ ተጩኾ አይለቀስም» አለችው። «ሬሳም አያሳድሩም፤ ትናንት ቀብረውታል። ግባ፣ አላህ ይማረው በል፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ይቅርታ ሳትጠይቀው ቀረህ እንግዲህ። እኔ ስንት ጊዜ ነገርኩህ!»

ነግራዋለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ነግራዋለች።

ከመጋላ የሚነሣው የሐረሩ አውቶቡስ ጣሊያን ጥሎት የሄደ ፊያት ነበር። የደንገጎን ዳገት ሲጀምር እንደ ሽማግሌ እያሳለ፣ በየጥምዙ እየቆመ ውኃ እየጠጣ ነው የሚወጣው። ገብረወልድ በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ነጠላውን የለቀስተኛ አዘቅዝቆ ለበሰ። ከኋላው ድሬዳዋ ከነቆርቆሮዋ፣ ከነሐዲዷ ወደ ታች እየራቀች ሄደች። አሥራ አምስት ዓመት ከጅቡቲ እስከ አዲስ አበባ ሲመላለስ ይቺን አርባ አምሳ ኪሎ ሜትር ወጥቶ አያውቅም። «ባቡር ያልወጣበት አገር ምን ይሠራልኛል?» ይል ነበር፤ ይቺም ከቀልዶቹ አንዷ ናት።

ቀልድ የገብረወልድ ትዳሩም ጠላቱም ነበር። ድሬዳዋ የተረብ አገር ናት፤ ተረብ የማያውቅ ሰው ሻሂው ሳይቀዘቅዝ ከወንበሩ ይነሣል። ከደጋ ገና እንደወረደ ንዳድ ይዞት መጋላ ውስጥ ሲወድቅ ያነሡት አብዱሰመድና ሚስቱ ፋዱማ ናቸው። ሃያ ቀን ቤታቸው አስተኝተው አስታመሙት። ፋዱማ መድኃኒቱን እያቃመችው «ይህ ሰው እየሞተ እንኳ አፉ አያርፍም» ትል ነበር። ከዚያ ወዲያ ፋሲካው በሱ ቤት፣ ዒዱ በነሱ ቤት ሆነ። የአብዱሰመድ የጨርቅ ሱቅ በራፍ ላይ ያለችው በርጩማ ሌላ ሰው አይቀመጥባትም ነበር። ልጅ አልነበራቸውም፤ ገብረወልድ ሲመጣ ቤቱ ይሞላል ይሉ ነበር።

ፋዱማ ሞተች። በሰባተኛ ወሯ አብዱሰመድ ሱቁን ዘግቶ ሐረር ሊወጣ፣ አጥንቱ ከደረቀ በኋላ ከጥንታዊቱ የዓሊሞች ከተማ ገብቶ ኪታብ ሊቀራ፣ የሃይማኖቱን መጻሕፍት ሊማር እንደሆነ ተሰማ። በኢስሃቅ ሻሂ ቤት ሰው ሞልቶ ሳለ ገብረወልድ ብድግ አለና እንዲህ አለ፦

«ሰዎች፣ ስሙኝ! አብዱሰመድ ሊያገባ ነው። ፋዱማ ቀኑን ሙሉ ትናገር ነበር፤ አዲሷ ግን ኪታብ ናት፤ ካልገለጧት አትናገርም!»

ሰው ሳቀ። አብዱሰመድ አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። የቀረችውን ሻሂ ጨለጠ፣ ብርጭቆውን በቀስታ አስቀመጠ፣ ገብረወልድን አየው፣ ወጣ። በሳምንቱ ሐረር ገባ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ገብረወልድ ቃሉን ሊመልሰው ቢሮጥ አይደርስበትም። ደብዳቤ ጀምሮ ቀደደ፤ በመንገደኛ ሰላምታ ልኮ መልስ ሲቀር አኮረፈ። ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል የሚለውን ተረት እናቱ ነበረች የምትነግረው። ያኔ እሱንም ሰምቶ ስቆ ነበር።

ከጎኑ የተቀመጡት በርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ያኖሩ ግራዝማች ነበሩ። ሐረማያ ሐይቅ አጠገብ ሲደርሱ ዝምታው ከበዳቸው።

«ለቅሶ ነው፣ ልጄ?»

«አዎ ጌታዬ። ወዳጄ ነው።»

«ተጣልታችሁ ነበር?»

ገብረወልድ ደነገጠ። «በምን ዐወቁ?»

«እኔም እንዲህ ሆኜ ለቅሶ ሄጄ ዐውቃለሁ» አሉ ግራዝማች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሐረር ወደ ሐይቁና ወደ ጫት ማሳው ሲያዩ ቆዩ።

ሸዋ በር ወርዶ በጀጎል ግንብ ውስጥ ገባ። ጠባቧን መንገድ ጠይቆ፣ ተሳስቶ፣ እንደገና ጠይቆ፣ በኖራ ከተለሰኑ ግድግዳዎች መካከል የሸፊቃን ደጅ አገኘ። ሸፊቃ የአብዱሰመድ ታላቅ እህት ናት፤ አብዱሰመድ የሚኖረው እሷ ዘንድ ነው። ግቢው በጫማ ተሞልቷል። ከውስጥ የብዙ ወንዶች የቁርኣን ድምፅ ይሰማል። ለገብረወልድ የቀረችው ትንሽ ተስፋ እዚያች ደጅ ላይ ተቆረጠች።

ሸፊቃ ትሪ ይዛ ስትወጣ ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። መጀመሪያ ፈገግ ልትል ነበር። ከዚያ የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየች። ሰፊውን የሴት ጥለት አየች። የማን እንደሆነ ዐወቀች፤ ድሬዳዋ በወረደችባቸው ጥቂት ቀናት ሁሉ በበለጠች ትከሻ ላይ አይታዋለች። ትሪውን መሬት አስቀምጣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነችና ማልቀስ ጀመረች። ገብረወልድም እሷን ሲያይ የያዘው ሁሉ ፈሰሰ። ሁለቱም ግቢው መካከል ቆመው፣ አንዱ የሌላውን እጅ ይዞ፣ እሷ ስለ በለጠች እሱ ስለ አብዱሰመድ፣ አለቀሱ። ቃል አልተለዋወጡም፤ ቢለዋወጡ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

የበለጠች ምክር ከዚያ ወዲያ ትዝም አላለው። እየሮጠ ገባ። ከውጭው ፀሐይ ወደ ቤቱ ጥላ ሲገባ ዓይኑ ጨልሞበት፣ በቀይ መደብ ላይ ደረጃ በደረጃ የተቀመጡት ሰዎች እንደ ጥላ ብቻ ታዩት። ደፉ ላይ ተንበረከከ፤ ግንባሩን ወደ ምንጣፉ ደፍቶ በአገሩ ወግ ጮኸ።

«ወንድሜ! ወንድሜን!
ሞት አልወሰደህም፣ የወሰደህ አፌ ነው፤
ሰው በጦር ሲገድል፣ የኔ ጦር ቀልዴ ነው!»

የቁርኣኑ ንባብ ተቋረጠ። ገብረወልድ አልሰማም።

«አብዱ፣ ፋዱማን አንድ ጊዜ አፈር ቀበራት፣ ሁለተኛ ጊዜ የቀበርኳት እኔ ነኝ! ሃያ ቀን ያስታመመችኝን፣ ሰባት ወሯን ሳትደፍን የሻሂ ቤት መሳቂያ ያደረግኋት እኔ ነኝ! ሰው ስለሳቀልኝ ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር። አንተ ስትወጣ ተከትዬህ መውጣት ነበረብኝ። ወንበሬ ላይ ቀረሁ። ሻሂዬን ጨረስኩ፣ አብዱ! ሌላም አዘዝኩ! ሁለት ዓመት በደንገጎ ሥር ስመላለስ ሰው መሆኔ ጠፍቶኝ በኩራት ሞትኩ። አሁን ለማን ልንገር? አሁን ማን ይቅር ይበለኝ?»

ከመደቡ በኩል አንድ ድምፅ መጣ።

«ገብሬ፣ ማነው የሞተው?»

«አብዱሰመድ» አለ ገብረወልድ፣ ፊቱን ከምንጣፉ ሳያነሣ።

«የትኛው አብዱሰመድ?»

«የፋዱማው ነዋ! የኔው!»

«እሱ እንኳ ደህና ነው» አለ ድምፁ። «ወገቡን ትንሽ ያመዋል እንጂ።»

ገብረወልድ ቀና አለ። ከነጭ ጢሙ፣ በቀለም ከተነከሩ ሦስት ጣቶቹ ጋር፣ ከመምህሩ ከሽማግሌው ከሸይኽ መሐሙድ ጎን አብዱሰመድ ተቀምጧል። ፊታቸው ትራስ ላይ ትልቅ አዲስ መጽሐፍ ተዘርግቷል። ገብረወልድ እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለ።

ሸፊቃ በበሩ ገባች። «በለጠችስ?» አለች እያለቀሰች። «በለጠች መቼ ነው የሞተችው?»

«በለጠች? በለጠች ምን ሆነች? ጠዋት ደህና ነበረች!»

«ታዲያ ነጠላዋን አዘቅዝቀህ የመጣኸው?»

«ለሱ ነው እንጂ! ሰማታር ዐረፈ አለኝ!»

ነገሩ የተፈታው ቀስ በቀስ ነው። አብዱሰመድ ሁለት ዓመት ሙሉ በእጁ ሲገለብጥ የኖረውን ቁርኣን ትናንት ከዐስር ሶላት በኋላ የመጨረሻዋን ፊደል ጽፎ ብዕሩን አስቀመጠ። ጎረቤቱ ዛሬ የተሰበሰበው ለምርቃቱ ነው። ሰማታር ትናንት ጭነት አድርሶ ሲመለስ በደጁ አለፈና ወሬውን ሰማ፤ ሰውየው ከድካሙ ተገላገለ ለማለት ከሚያውቃት አማርኛ ውስጥ ጥሩዋን ቃል መርጦ ወሰደ። ሲደክም ኖሮ ሥራውን የጨረሰ ሰው ዐረፈ ይባል የለ? ስሕተቱ ገብረወልድ ዘንድ ነበር፤ እሱ ባደገበት ደብር ዐረፈ ከተባለ ደወል ይደወላል።

ሸይኽ መሐሙድ ሲስቁ ጥምጥማቸው ተፈታ። «እኛ ሰው ሲደክመው ዐረፈ እንላለን» አሉ፣ ዓይናቸውን በጥምጥማቸው ጫፍ እየጠረጉ። «እናንተ ዘንድ ግን ሰው ካልሞተ አያርፍም ማለት ነው?»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሸፊቃ ሳቋና ልቅሶዋ ተደበላልቆባት ግድግዳውን ይዛ ቀረች። ገብረወልድም ሳቀ። ሳቁ ሲመጣለት ደግሞ የለመደው መሸሸጊያ እንደተከፈተለት ተሰማው፤ አንዲት ጥሩ ተረብ ቢጥል ያ ሁሉ ኑዛዜ ጨዋታ ሆኖ ያልፋል። ቃሏም ተዘጋጅታ ምላሱ ላይ ቆማ ነበር። «የሞትህን ያህል አልቅሼልሃለሁ፣ እንግዲህ ስትሞት እንዳትጠብቀኝ» ሊል ነው። አፉን ከፈተ።

አብዱሰመድ አልሳቀም። የኢስሃቅ ሻሂ ቤት ውስጥ ባየው በዚያው ዓይን ያየዋል።

ገብረወልድ አፉን ዘጋ።

አብዱሰመድ ሸይኹን አስፈቅዶ ተነሣ፤ እጁን ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደው። የሮማን ዛፍ ሥር አንድ ሰሌን ተነጥፏል። ሳቁ ከቤት ውስጥ ይሰማል። አብዱሰመድ እንዲህ አለ፦

«ለሞተው አብዱሰመድ የነገርከውን ላለው ንገረው።»

«ሰምተኸኝ የለ?»

«እኔን አላናገርክም እኮ። ሙት ነበር ያናገርከው። ሙት ምን ይመልስልሃል?»

ለሙት መናገር ቀላል ነው፤ ግጥሙም እንባውም ራሱ ይመጣል። ገብረወልድ አሥራ አምስት ዓመት በባቡር ጩኸት ላይ «ቲኬት!» ሲል የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ግን የበለጠችን ነጠላ ከትከሻው አወረደ፣ አጣጠፈ፣ መልሶ ፈታ። ፊቱን ማየት ከበደው። ግን አየው።

«በፋዱማ ቀለድኩ» አለ። «አንተ ፊት፣ ሰው ፊት። ገና ሰባት ወሯ ነበር። ይቅር በለኝ።»

መጨመር ሲያምረው ጥርሱን ነከሰ።

አብዱሰመድ ሰሌኑ ላይ ተቀመጠ። በቀለም የተነከሩትን ጣቶቹን ሲያያቸው ቆየ። «ይቅር ብዬሃለሁ» አለ። «ግን አንድ ነገር ዕወቅ። ያን ቀን የተናደድኩት ስለዋሸህ አይደለም። እውነት ስለሆነ ነው። ቤቱ ዝም ሲለኝ ነው እኔ ከድሬዳዋ የሸሸሁት። የምትናገረዋን አጣሁ፣ የማትናገረዋን ያዝኩ። ለራሴ ሰባት ወር ደብቄው ነበር፤ አንተ በአንድ አፍ ለሻሂ ቤት ነገርከው።»

«አብዱ…»

«ቆይ፣ ልጨርስ። እሱ ከወራት በኋላ አለፈልኝ። ሁለት ዓመት ያቃጠለኝ ሌላ ነው። እዚህ አገር ፋዱማን የሚያውቃት የለም። ሸፊቃ ዕድሜዋን ሙሉ ካየቻት ዐሥር ቀን አይሞላም። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ አላህ ይማራት ይሉና ዝም ይላሉ፤ ሌላ ምን ይበሉ? ስትስቅ እንዴት እንደነበረች፣ ስትቆጣ ምን እንደምትል የሚያወራኝ አንድ ሰው ፈለግሁ። ያ ሰው አንተ ነህ። አንተን ደግሞ አኩርፌያለሁ። ከዚህ የባሰ ምን ብቸኝነት አለ?» ሰሌኑን በመዳፉ መታ አደረገው። «ተቀመጥ፣ ገብሬ። ስለሷ አውራኝ።»

ገብረወልድ ተቀመጠ። ከንፈሩ ጥግ ላይ አንድ ነገር እየተንቀሳቀሰ መጣ።

«አርባ አራት ይመስለኛል» አለ። «ከጅቡቲ ስንመለስ አይሻ ላይ ፍተሻ አለ ተባለ። ሦስተኛ ማዕረግ ውስጥ ስገባ ፋዱማ ቁጭ ብላለች። አብዱ፣ እንዲህ ሆና!» እጆቹን ዘረጋ። «ስምንት ቀሚስ አንዱን ባንዱ ላይ ደርባ! ላቧ በአንገቷ ይወርዳል። ‹ፋዱማ፣ ምነው እንዲህ ወፈርሽ?› ብላት፣ ‹አብዱሰመድ እንዳንተ ሚስቱን አያስርብም› አለችኝ።»

«ፋዱማ?» አለ አብዱሰመድ። «ኮንትሮባንድ? የኔዋ ፋዱማ?»

«ያንተዋ! ፈታሹ ሲመጣ ምን ላድርግ፣ ‹ጌታዬ፣ አይጠጓት፣ ተስቦ ይዟታል› አልኩት። እሷም ወዲያው መንቀጥቀጥ ጀመረች። ፈታሹ በመጣበት እግሩ ተመለሰ። እሷ ግን ማቆም አልቻለችም፤ ሳቋን እየዋጠች ድሬዳዋ ድረስ ተንቀጠቀጠች። ከጎኗ የነበሩት ሴቶች ዳዊትም ቁርኣንም ደገሙላት።»

አብዱሰመድ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ትከሻው ይነቃነቃል፤ እንባው ቀለም በነካቸው ጣቶቹ መካከል እየወረደ ጢሙን ሰማያዊ አደረገው። ሲስቅ ይሁን ሲያለቅስ ገብረወልድ መለየት አልቻለም፤ ሊለይም አልፈለገም።

«ይህን አልነገረችኝም» አለ አብዱሰመድ፣ ድምፁ ሲመለስለት። «ዐሥራ ስምንት ዓመት አብሬያት ስኖር፣ ይህን አንድ ቀን አልነገረችኝም።»

«ቆይ» አለ ገብረወልድ፣ እግሩን ሰሌኑ ላይ እያጠፈ፤ «ገና የሽንሌ ጣቢያውን ጉድ መቼ ነገርኩህ?»